ያነሳነው ውሻ ለምን አይቀርበንም?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ወር በፊት መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር የወደቀ ውሻ አንስተን አሳከምን። ልጆቹ ቡቺ ብለውታል። እግሩ ድኗል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተከትቧል። ችግሩ እኛን አለመልመዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሮቶው ጀርባ ተደብቆ ይውላል፤ የሚበላው ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነው። ባለፈው እሑድ የሰባት ዓመት ልጄ ሊደባብሰው ቢጠጋ ጥርሱን አሳየው። እናቴ ‹የመንገድ ውሻ ሰው አይለምድም፤ ልጁን ሳይነክስብሽ ካነሳሽበት መልሺው› ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ እስኪለምደን በሰንሰለት እንሰረው ባይ ነው። ይህን ሁሉ አድርገንለት እንዴት አይወደንም? የት ነው የተሳሳትነው?»

ምላሽ፦

አትመልሱት፤ በሰንሰለትም አትሰሩት። አንድ ወር ሙሉ ሰው ያልቀረበ የመንገድ ውሻ ተስፋ የሚቆረጥበት ውሻ አይደለም። እኔ ከማያቸው ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ ገና ከተደበቁበት አልወጡም። ማንሳታችሁም ማሳከማችሁም ስሕተት አልነበረም። የቀረው ሥራ ግን እስካሁን ከሠራችሁት ይለያል። እስካሁን ገንዘብና ርኅራኄ ነበር የሚፈልገው፤ ከእንግዲህ የሚፈልገው ሰዓት ማክበርንና ዝም ብሎ መቀመጥን ነው።

«ይህን ሁሉ አድርገንለት» ያሉት ነገር ልቤን ነካው፤ ወደ ክሊኒክ ከሚመጡ ደግ ሰዎች ዘወትር የምሰማው ነውና። እስቲ ያን ቀን ቡቺ እንዴት እንዳየው እናስብ። ድንገት የማያውቀው ነገር መታው። መሮጥ ባቃተው ሰዓት የማያውቃቸው ሰዎች ከበቡት፣ በጨርቅ ጠቅልለው አነሱት፣ መኪና ውስጥ አስገቡት። መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ክፍል ውስጥ አፉን አሰሩት፤ የተሰበረውን ቦታ ሲነኩት ነፍሱ እስክትወጣ አመመው፤ መርፌ ተወጋ። ከዚያ በሩ የተዘጋ ግቢ ውስጥ ራሱን አገኘው። ውሻ ሁለት ነገሮችን የሚያያይዘው በሰከንዶች ልዩነት ተከታትለው ሲመጡ ነው። ሕመሙና የሰው እጅ አብረው መጡ። መዳኑ የመጣው ግን ከሳምንታት በኋላ ቀስ እያለ ነው፤ ከእናንተ ጋር የሚያገናኝበት ምንም መንገድ የለውም። ስለዚህ ቡቺ ውለታ ቢስ አይደለም፤ ውለታ እንደተዋለለት ጭራሽ አያውቅም። አሁን ከሮቶው ጀርባ ሆኖ የሚያጠናው ሌላ ነገር ነው፦ ይህች ሴት ስትመጣ ቀጥሎ ምን ይመጣል? በሩ ሲከፈት ምን ይሆናል? ልጆቹ ሲሮጡ የሚያቆሙት የት ነው? መልሱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ከሆነለት ያምናል። በየቀኑ ከተለያየበት ግን የቱንም ያህል ቢወዱት አያምንም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ እውነት ነው። ቡቺም ቢሆን ሌሊት በር ሲንኳኳ ሳይጮኽ አይቀርም። ነገር ግን በየሰፈራችን ዓመታት ሙሉ ግቢ ሲጠብቁ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ደረታቸውን የሚያክክላቸው ሰው ሳያገኙ የሚሞቱ ውሾች አሉ። ምግብ መስጠት ውሻውን ከግቢው ጋር ያስተሳስረዋል። ከእርስዎ ጋር የሚያስተሳስረው ምግቡ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

አስቀድሞ ግን ሕመም እንደሌለው ያረጋግጡ። «እግሩ ድኗል» ማለት አያመውም ማለት አይደለም። ተኝቶ ሲነሳ ያነክሳል? ጆሮውን ደጋግሞ ያካል? ራሱን ያራግፋል? መዥገር ነበረበት? መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የተባለ በሽታ በመንገድ ውሾች ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ ውሻውን ያደክመዋል፣ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋል፣ ድዱን ያገረጣዋል፣ አንዳንዴም አፍንጫውን ያደማዋል። ዶክሲሳይክሊን በሚባለው መድኃኒት ለሳምንታት ይታከማል። የሚያመው ውሻ መደበቁና ሲነኩት ጥርሱን ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው፤ ያን ደግሞ ማላመድ አያድነውም። እባክዎ ቤት ውስጥ ያለ የሰው ማስታገሻ እንዳይሰጡት። አይቡፕሮፊንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

አሁን ወደ እናትዎ ቃል ልመለስ፤ «የመንገድ ውሻ ሰው አይለምድም» ወደሚለው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንሥቶ እስከ አሥራ ሁለተኛውና አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ዓለምን የሚመዘግብበት ጊዜ አለው። በዚያ ወቅት ሰው ያልነካው፣ የሰው ድምፅ በቅርብ ያልሰማ ቡችላ ካደገ በኋላ ሰውን መልመድ እጅግ ይከብደዋል። እናትዎ ያዩት እንዲህ ዓይነቱን ከሆነ አልተሳሳቱም። የከተማችን የመንገድ ውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሰው ያደገ አይደለም። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ የሚውል አለ፤ የሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድር አለ፤ ከሌሊት ዘበኛ ጋር እሳት የሚሞቅ፣ ዘበኛው ከምሳ ዕቃው እየቆረሰ የሚያጎርሰው አለ። ባለቤት የለውም እንጂ ሰው አለው።

ስለዚህ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቡቺን ወዳነሳችሁበት ቦታ አመሻሽ ላይ ይሂዱና ዘበኞቹን፣ ባለ ሱቆቹን፣ ሊስትሮዎቹን ይጠይቁ። «እዚህ አካባቢ የነበረ እንዲህ ያለ ውሻ ታውቃላችሁ?» ይበሉ። የሚያውቀው ሰው ከተገኘ ማን ብሎ ይጠራው እንደነበር፣ ምን ያበላው እንደነበር፣ እንዴት እንደሚጠራው ይወቁ። ያ ሰው በፉጨት ይጠራው ከነበረ፣ ያው ፉጨት ከሳህኑ ጋር ሲመጣ ውሻው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያያሉ። ሰውዬው ፈቃደኛ ሆኖ አንድ ቀን ግቢዎ ቢመጣማ ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። ምናልባትም አንድ ደሃ ዘበኛ ጓደኛው የት እንደገባ ጠፍቶት ሲያዝን ከርሞ ይሆናል፤ ውሻው መትረፉን መስማት የእሱም መብት ይመስለኛል። ቡቺም ቢሆን ከሮቶው ጀርባ የሚያደርገው ሁሉ ፍርሃት ላይሆን ይችላል፤ የለመዱት ሰው ሲጠፋባቸው ምግብ የሚተዉ ውሾች አሉ።

ሌሊት መብላቱን ለብቻው አይቁጠሩበት። የመንገድ ውሻ ሕይወቱ ሌሊት ነው፤ መኪና ሲቀንስ፣ ሰው ከመንገድ ሲገባ፣ ቆሻሻ ሲወጣ። ለዓመታት የኖረበትን ሰዓት በአንድ ወር አይለውጥም። መመለሱንም አያስቡት። እሱ በሌለበት ወር የነበረበትን ቦታ ሌሎች ውሾች ይዘውታል። ከስብራት ያገገመ ውሻ መልሶ ሊያስለቅቃቸው አይችልም።

ሰንሰለቱን በተመለከተ ባለቤትዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ሲፈታ እያየን ነው። የሚፈራ ውሻ ግን ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ መሸሽ ወይም መንከስ። ቡቺ እስካሁን መሸሽን መርጧል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰንሰለት ሲያስሩበት መሸሽን ይነጥቁታል፣ የሚቀረው መንከስ ብቻ ይሆናል። ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን ማድረግ አደጋውን በእጅ መጥራት ነው። አጥሩና በሩ ደህና ከሆኑ ልቅ ይሁን። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይደረግለት፤ ባለቤት እንዳለው ይታወቅ።

መደበቂያውንም አይዝጉበት። እንዲያውም ከሮቶው አጠገብ ዝናብ የማያስገባ የእንጨት ሣጥን ያቁሙለት፣ ውስጡ ጆንያ ያንጥፉለት፣ አፉን ወደ ግድግዳው ጎን ያዙሩት። እዚያ ሲገባ ማንም አይጎትተው፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አይየው። መደበቂያው የማይነካ መሆኑን ሲያውቅ ነው ከእሱ መውጣት የሚጀምረው።

አሁን ምግቡ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ሳህን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁልጊዜ እርስዎ። ሳህኑን ከማስቀመጥዎ በፊት ያው ድምፅ ይሰማ፤ በማንኪያ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። አስቀምጠው ይሂዱ። ቀን መብላት ሲጀምር ወደ ቤት መግባትዎን ይተዉና በረንዳው ደረጃ ላይ ጎንዎን ሰጥተው ይቀመጡ። ወደ እሱ አይዩ። ቡናዎን ይጠጡ፣ ስልክዎን ያንብቡ፣ ቀስ ባለ ድምፅ ከሰው ጋር ያውሩ። እርስዎ ተቀምጠው ካልበላ ርቀቱ ገና አንሶበታል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ራቅ ይበሉ። ከበላ ደግሞ ለጥቂት ቀናት እዚያው ይቆዩና አንድ እርምጃ ብቻ ይቅረቡ። እንዲቀርብዎ ብለው ፈጽሞ አያስርቡት። ረኀብ ያቀረበው ውሻ ሲጠግብ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ምግቡን ሊነጥቁት የመጡ ይመስለዋል።

ከምግብ ሰዓት ውጭም አንድ የማይሳሳት ዘዴ አለ። በግቢው ውስጥ ለራስዎ ጉዳይ ሲያልፉ፣ ልብስ ልታሰጡም ይሁን ውኃ ልትቀዱ፣ ሳይቆሙና ሳያዩት የተቀቀለ ሥጋ ቁራሽ ወደ እሱ ጣል አድርገው ይለፉ። የእርስዎ መምጣት መልካም ነገር ያመጣል፤ መሄድዎ ደግሞ ዕረፍት ይሰጠዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛል። ከሳምንታት በኋላ ሲያልፉ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ያዩታል። በዚያ ቀን ደስታዎን ዋጥ አድርገው እንደወትሮው ይለፉ።

ራሱ መጥቶ እጅዎን ሲያሸት እጅዎን አይዘርጉበት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው ለመጠየቅ ሲመጣ እነሱ መልሱን ጭነው ይሰጡታል። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ላይ ሳይሆን ከጎን፣ ደረቱን ወይም የአንገቱን ጎን ለሦስት ሰከንድ ያህል ያክኩትና ያቁሙ። ከተጠጋ ይድገሙ። ከሄደ ይሂድ። ከንፈሩን ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ካዛጋ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ ወይም እንደ ድንጋይ ከደረቀ፣ «በቃኝ» እያለ ነው። ቀጥ ብሎ መድረቅ ከሁሉም ይከፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥርስ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ዓይን አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና አሳዳጊው ዓይን ለዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ሰውነት ውስጥ እንደሚጨምር አሳይተዋል። እናትን ከሕፃኗ ጋር የሚያስተሳስረው ያው ንጥረ ነገር ነው። ሰው ባሳደጋቸው ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ይህን ያነበቡ አንዳንድ ደጋግ ሰዎች የፈራ ውሻ ፊት ተንበርክከው ዓይኑን ያፈጡበታል። ጥናቱ የተደረገው አሳዳጊዎቻቸውን በሚያምኑ ውሾች ነው። ለማያምን ውሻ የማያውቀው ሰው ማፍጠጥ ዛቻ ነው። ቡቺ ዓይንዎን ፈልጎ የሚያይበት ቀን ከመጣ ያን ጊዜ ይዩት፤ እስከዚያ ግን ዓይንዎን ዝቅ ማድረግዎ ከምግቡ እኩል ስጦታ ነው።

«ለአንድ የታመመ ውሻ ይህን ያህል?» የሚል ጎረቤት ካለም ይህን ይንገሩልኝ። በጀርመን ቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ድንጋይ ፈላጮች አንድ መቃብር አገኙ። ውስጡ ወንድና ሴት፣ ከእነሱም ጋር የተቀበረ ውሻ ነበር። ዕድሜው ወደ 14 ሺህ ዓመት ይጠጋል። የውሻውን ጥርስ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ያወጡ ባለሙያዎች፣ ቡችላው በአምስት ወሩ ገደማ ዲስቴምፐር በሚባለው ከባድ በሽታ እንደተያዘ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እንደቆየ ደመደሙ። ያለ ሰው እንክብካቤ፣ ውኃ ሳይሰጡት፣ ሳያሞቁት፣ ከትውከቱ ሳያጸዱት ያን ያህል ሊቆይ አይችልም ነበር። አደን ሊያድንላቸው፣ ቤት ሊጠብቅላቸው በማይችልበት ዕድሜና ሕመም አስታመሙት፤ ሲሞትም ከራሳቸው ሰዎች ጋር ቀበሩት። እናንተ መንገድ ዳር ያደረጋችሁት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሰው ሲያደርገው የኖረውን ነው።

ልጁን በተመለከተ ጠበቅ ማለት አለብኝ። ቡቺ ጥርሱን ማሳየቱ ጥፋት አይደለም፤ ከመንከስ በፊት መናገሩ ነው። በዚህ የተመታ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ወደ ሮቶው አይሂድ፤ አዋቂ በሌለበት ከውሻው ጋር ብቻውን በግቢው ውስጥ አይሁን፤ ሲበላና ሲተኛ አይጠጋው። ይህ ለጊዜው ብቻ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ቡቺ ከለመደ በኋላም ይቀጥላል። ግን ልጁን አያስቀሩት፣ የሚወደው ይመስለኛልና። እርስዎ አጠገቡ ሆነው ከሩቅ ቁራሽ እንዲጥልለት፣ ከዚያም ወንበር ላይ ተቀምጦ የትምህርት ቤት መጽሐፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ያድርጉ። የማይሮጥና እጁን የማይዘረጋ ልጅ ድምፅ ለፈራ ውሻ መልካም መድኃኒት ነው፤ ለልጁም የሚሠራው ሥራ ያገኛል።

የእናትዎ ፍርሃት ግን የምር መልስ ይገባዋል። የእሳቸው ትውልድ በእብድ ውሻ በሽታ ሰው ሲሞት አይቷል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን እንደማይቻልም ያውቃል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 ከመቶው የሚያዙት ከውሻ ነው። ቡቺ መከተቡ መልካም ነው፤ ካርዱን ያስቀምጡ፣ በዓመቱ ይደገምለት። ሆኖም ከመከተቡ በፊት በሌላ ውሻ ተነክሶ እንደሆነ አናውቅም፤ በሽታው ደግሞ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ጠባዩን ይከታተሉ። በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፦ የሚጠብቁት መላመድ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ቡቺ በአንድ ቀን ፍርሃቱን ሁሉ ጥሎ ሰው ላይ ቢጠመጠም፣ ወይም ያለ ምክንያት ያገኘውን ቢነክስ፣ ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ድምፁ ቢጎረንን፣ መንጋጋው ቢንጠለጠል፣ ማንም አይጠጋው፤ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡ፣ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱ። ጸሎቱም ጠበሉም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ ክትባቱን ግን አንድ ቀን እንኳ የሚያዘገይ ነገር አይግባበት። ውሻውንም በንዴት አይግደሉት። ተዘግቶበት 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ይህ ለሐኪሞቹ ትልቅ መረጃ ነው። ይህን ለእናትዎ በዝርዝር ያስረዱልኝ። ውሻው ግቢ እንጂ ቤት ውስጥ አይገባም፣ ልጁም ብቻውን አይጠጋውም ሲሏቸው ግማሹ ሥጋታቸው ይቀላል ብዬ አምናለሁ። በነገራችን ላይ ውሻ መከተብ ለእኛ ብቻ አይደለም። ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎቻችን በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከውሾች በመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ክፉኛ ተመተዋል።

ስለሚበላው ጥቂት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ስለሆኑ የወጥ ትርፍራፊ አይስጡት፤ ሩዝ፣ በውኃ የራሰ እንጀራ፣ የተቀቀለ ሥጋ ይሁን። በበዓል በግ ስታርዱ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይጣልለት። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ወይም ጉበት የበላ ውሻ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኮሶ ያበቅላል፤ የኮሶው ዕንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ ያንኑ ከረጢት በሰው ጉበት ላይ ያበቅላል። የኮሶ መድኃኒቱን በሦስት ወር አንዴ ሐኪሙ ይስጠው፤ ልጆቹም ከግቢ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ። ማኮላሸቱ ይቆይ፤ ገና ከሕክምና የወጣና የሚፈራ ውሻ ነው፣ ሲረጋጋ እንነጋገርበታለን።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በአሜሪካ የውሻ መጠለያዎች ሦስት ቀን ለመደንገጥ፣ ሦስት ሳምንት ለማስተዋል፣ ሦስት ወር ለመልመድ የሚሉት ግምት አለ። ሳይንስ አይደለም፤ ለቡቺ ዓይነቱ ደግሞ ያንሳል። እርስዎ በቀን አይቁጠሩ፤ እነዚህን ይፈልጉ፦ በቀን ብርሃን መብላቱን፣ ጎኑን ዘርግቶ መተኛቱን፣ ሲያልፉ ከተኛበት አለመነሳቱን፣ ጅራቱ ከእግሮቹ መካከል መውጣቱን፣ ከኋላዎ በሩቁ መከተሉን። አንዳንድ ውሻ እዚያ ላይ ይቆማል። ሰዎቹን ይከተላል፣ አጠገባቸው ይተኛል፣ መነካትን ግን ዕድሜውን ሙሉ አይወድም። ቡቺ ከእነዚህ አንዱ ቢሆን እንኳ ደህና ኑሮ ነው፤ አልተሳካም አይበሉ። ልጆቻችሁን በዓይኑ እየተከታተለ በመልካም ሊያድር የሚችል ውሻ ነው።

የምትለዩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ሕመም እንደሌለበት ታውቆ፣ ማንም ሳይጠጋው፣ ከተደበቀበት ወጥቶ ሰው የሚነክስ ከሆነ። ያን ጊዜም መንገድ ላይ አይጣልም፤ ልጅ የሌለበት ግቢ ይፈለግለታል። አሁን ያለው ሁኔታ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ለምርመራው ግን ቡቺን ጎትታችሁ መኪና ላይ አትጫኑት። ሐኪሙ ወደ ግቢያችሁ ይምጣ፤ አፉን ሌላ ሰው ይሰርለት እንጂ እርስዎ አይሰሩት፣ መርፌው ሲወጋም ራቅ ብለው ይቁሙ። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ሳህኑን መታ መታ አድርገው በወትሮው ሰዓት ምግቡን ይዘው የሚመጡት እርስዎ ይሁኑ።